አልቋል ያልኩት ክኒን

በርበሬ በሚወቀጥበት ሰሞን ቡታጅራ ደረቴን ትዘጋዋለች። ጎጃም ሳለሁ አስምን በስም እንጂ በአካል አላውቀውም ነበር። ለመምህርነት ተመድቤ ወደዚህ ከመጣሁ ወዲህ ግን በርበሬ የጫነ ጋሪ ገና ከሩቅ ሲመጣ አፍንጫዬ ቀድሞ ያውቀዋል። ጤና ጣቢያ ጠዋትና ማታ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጡኝ። ሲሰጡኝም፣ «ከሳብሽ በኋላ አፍሽን በውኃ ተጉመጥመጪና ትፊው» ብለውኛል። ሰምቻለሁ፤ በፍስክ ጊዜም እንደተባልኩት አደርግ ነበር።

ችግሩ ሁዳዴ ሲገባ መጣ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ጠዋት መድኃኒቱን መሳብ ለራሴ ፈቀድኩ፤ አየር ነው፣ እህል አይደለም ብዬ። ውኃውን ግን ፈራሁት። አንዲት ጠብታ በጉሮሮዬ ሾልካ ብትወርድስ? የጾመች መስዬ፣ ሳልጾም ቅዳሴ ልቆም? እንዲህ እያልኩ አፌን ሳልጉመጠመጥ ከቤት መውጣት ጀመርኩ። ነፍስ አባቴን መጠየቅ እንኳ አላሰብኩም። ለመጠንቀቅ ፈቃድ ይጠየቃል ብሎ ማን ያስባል?

ጾሙ ሳይጋመስ ምላሴና ትናጋዬ ነጭ ነገር ለበሰ። በመስታወት ሳየው ወተት ጠጥቶ አፉን ያልጠረገ ሕፃን መሰልኩ። በሁዳዴ፣ ወተት! ሰው እንዳያየኝ ክፍል ውስጥ ሳስተምር እጄን አፌ ላይ አደርግ ጀመር። ስውጥ ያቃጥለኛል፤ የሽሮው ጣዕም ጠፋኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ በሽታ ነው የሚል አልነበረም። ምን አጥፍቼ ነው የሚል ነበር። ጠዋት ማታ ኃጢአቴን ስቆጥር ሰንብቼ፣ መዋጥ ሲያቅተኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

አፌን በባትሪ ያየችው ነርስ ፈንገስ ነው አለች። የሚሳበው መድኃኒት አፍ ውስጥ ሲቀር እንደሚያመጣው ነገረችኝ። «አትጉመጠመጪም እንዴ?» ስትለኝ፣ «አንዳንዴ እረሳለሁ» አልኳት። አልረሳሁም ነበር። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ ሳስበው፣ የመጀመሪያዋ ትንሽ ውሸት እሷ ነበረች። ጾሜን ለሰው መናገር መመጻደቅ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ከመመጻደቅ ሸሽቼ ውሸት ውስጥ ገባሁ።

መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አንብባ ወዲያው አልሰጠችኝም።

«ነፍሰ ጡር ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ጉበት ታመሽ ታውቂያለሽ? የልብ ችግርስ?»

«የለብኝም።»

«ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

የሚሳበውን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋት። አገላብጣ አየችና መለሰችልኝ። «ሌላስ? የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ ደም የሚያቀጥን?»

«ምነው የአገሩን በሽታ ሁሉ ጠራሽብኝ» አልኳት።

ሳቀች። «ይህ የታዘዘልሽ ፍሉኮናዞል ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን ከአንዳንድ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ያኛውን ከልክ በላይ ያበረታዋል። የስኳር ክኒን የምትወስድ ሰው ሳትናገር ብትውጠው ስኳሯ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። ለዚህ ነው የምንነዘንዛችሁ።» ከዚያ ክኒኑን እየቆጠረች ነገረችኝ፤ በቀን አንድ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፤ አፌ ቢነጻም እስኪያልቅ እንዳላቋርጥ፤ ዓይኔ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቴ ከጠቆረ ወይ ሰውነቴ ላይ ሽፍታ ከወጣ አቁሜ እንድመጣ። «ለሌላ ሰው ደግሞ እንዳትሰጪ።»

«ማን ክኒን ይለምነኛል?»

«ይገርምሻል። እዚህ ሰፈር ክኒን እንደ ጨው ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይዋሳል።»

ሁሉንም በልቤ ያዝኩ። እኔ የተባልኩትን የማልረሳ ሰው ነኝ። ክኒኑን በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከምግቤ በኋላ እውጥ ነበር።

ከዚህ በፊት ስለ አከራዬ መናገር ነበረብኝ። የምኖርበት ግቢ የአንዲት ባልቴት ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንዷ ልጃቸው ወልቂጤ አግብታ ትኖራለች። እሳቸው ፊት ለፊት ባለው ቤት፣ እኔ ከጓሮ ባለችው ክፍል፣ መካከላችን አንድ ቧንቧ። ሙስሊም ናቸው። «እማማ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ቲቸር» ይሉኛል፣ ግማሹ አክብሮት ግማሹ ፌዝ ነው። ብዙ ዘመን የቆየ የስኳር በሽታ አለባቸው፤ ክኒን ይወስዳሉ።

በዚያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ገጠሙ፤ የእኛ ሁዳዴና የእነሱ ረመዳን። ሐኪማቸው እንዳይጾሙ ነግሯቸው ነበር። «ሐኪሙ ልጅ ነው፣ ስንት ረመዳን አይቷል?» ብለው ጾሙ። ሌሊት ለሱሁር ሲነሱ ክኒናቸውን ውጠው ቀኑን ሙሉ ይውላሉ። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስበላ የድስቱ ሽታ እንዳይደርሳቸው በሬን እዘጋለሁ። እሳቸው ደግሞ ይህን ያውቁና ከደጃቸው ሆነው፣ «ክፈችው ቲቸር፣ ሽሮሽ አይሸትም፣ ቅቤ የለውም!» ይሉኛል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በቧንቧው አጠገብ ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ አገኘኋቸው። ውኃ በአፋቸው ሞልተው፣ አገላብጠው፣ ተፉት። ቆሜ አየኋቸው።

«ምነው?»

«እየጾሙ ውኃ በአፍዎ?»

«ታዲያ አልዋጥኩት።»

«ቢያመልጥዎስ?»

«እኔ እኮ በቀን አምስት ጊዜ አፌን እታጠባለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ቀን አምልጦኝ አያውቅም። አፍ የበር ዘበኛ አለው፣ ቲቸር። ያንቺ ዘበኛ ተኝቷል?»

የአፌን ነገር ያወቁት ያን ቀን ነው። ከቧንቧው አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስኪበቃቸው ሳቁብኝ፤ ቀጥለው ደግሞ ተቆጡኝ። በማግስቱ ከመድኃኒቱ በኋላ ተጉመጠመጥኩ። ውኃው አላመለጠኝም። ነፍስ አባቴንም ከቅዳሴ በኋላ ጠየቅኳቸው፤ «መድኃኒትሽ ነው፣ ለምን ቀድመሽ አልጠየቅሽም?» አሉኝ። ቀላል ነገር ነበር። የማይጠየቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ አዛን ተብሎ ካፈጠሩ በኋላ፣ እማማ በሬን አንኳኩ። ሳህን ይዘዋል። «የምስር ሳምቡሳ ነው፣ ሥጋ አልነካውም፤ ዘይቱም የጾም ነው» አሉኝ። በየቀኑ ማለት ይቻላል አንድ ነገር ይልኩልኛል። ተቀብዬ አመሰገንኩ። አልሄዱም። የሻሻቸውን ጫፍ ሲያፍተለትሉ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያ ያንቺ ክኒን ለታችም ይሆናል አሉ?»

አልገባኝም ነበር። ቀጥለው፣ «ያሳክከኛል፣ ነጭ ነገርም አለው። ስኳር ያለበትን ሴት ይይዛል ይላሉ። ለልጄ እንኳ አልነገርኩም። ሁለት ሦስቱን ስጪኝ፣ እስቲ ልሞክረው» አሉ።

የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበረ። የስኳር ክኒን የምትወስድ ሰው። ማለት የነበረብኝ አንድ ነገር ነው፤ «እማማ፣ ይህ ከእርስዎ ክኒን ጋር አይስማማም፣ ነገ አብረን ሄደን እንጠይቅ» ማለት። ይህን ለማለት ግን የት እንደሚያሳክካቸው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ልናወራ ነው። ነገ ደግሞ መድኃኒት ቤት ቆመን ሰው እየሰማ ልንናገረው ነው። ለእሳቸው አፈርኩ፣ ለእኔም አፈርኩ። እንዲሁ «አልሰጥም» እንዳልል ደግሞ፣ ሳምቡሳው በእጄ ላይ ትኩስ ነበር። ከዚህ ግቢ ያልበላሁት ምን አለ?

«አልቋል፣ እማማ» አልኳቸው።

«አልቋል?»

«ዛሬ ጨረስኩት።»

«እሺ ይሁን» አሉ። ሳህኑን ሳልመልስላቸው ሄዱ።

ቀሪው ክኒን አልጋዬ አጠገብ፣ መጽሐፈ ጸሎቴ ሥር ነበር። ውሸቴ እንዳይታወቅ ደግሞ ያለቀውን ባዶ ማሸጊያ ከቆሻሻው አንስቼ መስኮቴ ላይ፣ ከውጭ በሚታይበት ቦታ አስቀመጥኩት። ይህን ሳደርግ አልከበደኝም። እንዲያውም እፎይ አልኩ። መድኃኒቱን አልሰጠኋቸውም፤ ከአደጋ ጠበቅኳቸው፤ አላሳፈርኳቸውም ብዬ ተኛሁ። መስኮቱ ላይ የነበረው ማሸጊያ በማግስቱ ጠፋ። ነፋስ ወሰደው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሳህን አልመጣም። ቧንቧ ላይ ስንገናኝ «እንዴት ዋልሽ፣ አስተማሪ?» ይሉኛል፤ «ቲቸር» የሚለው ፌዝ ቀርቷል። እኔም ክኒኔን የምውጠው መጋረጃዬን ስቤ ሆነ። ምግብ በልቼ፣ ተደብቄ፣ በጾም ወራት፣ እንደ ሌባ። አፌ ግን እየነጻ ነበር።

አንድ ከሰዓት ከቅዳሴ ስመለስ የግቢው በር ገርበብ ብሏል። እማማ ከቧንቧው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሻሻቸው ወደ ኋላ ተንሸራቷል። በሕይወቴ ያለ ሻሽ አይቻቸው አላውቅም። ፊታቸው በላብ ርሷል፤ ፀሐይ ግን አልነበረም። «እማማ» ብላቸው በልጃቸው ስም ጠሩኝ፤ እሷ ልሁን እኔ ልሁን አልለዩኝም። ቃላቸው ተልፈስፍሶ ነበር፣ እንደ ሰከረ ሰው።

ስኳራቸው ሲወርድ እንዲህ እንደሚሆኑ ድሮ ነግረውኝ ያውቃሉ። ሮጬ ገብቼ ስኳር በውኃ በጠበጥኩ። ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ሳስጠጋ ግጥም አድርገው ዘጉት። ያን ያህል የደከመ ሰው ይህን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣ አላውቅም።

«አዛን አላለም» አሉ በጥርሳቸው መሃል።

«እማማ፣ ታመዋል። ይጠጡ።»

«አላለም።»

እኔ የሰው ጾም የማስፈታ ሰው ነኝ? አንዲት ጠብታ ፈርቼ አፌን ያቆሰልኩ ሴት፣ የሌላ ሰው ጾም ላይ ብርጭቆ ይዤ ቆምኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ራሳቸውን በክንዴ ደገፍኩና በቁጣ ተናገርኳቸው፤ እናቴን ተናግሬ በማላውቀው አነጋገር። «አላህ ለታመመ ሰው ፈቅዷል፤ እኔ አይደለሁም የፈቀድኩት! ይጠጡ!» አልኩ። ከቁጣው ይሁን ከስሙ፣ አፋቸው ትንሽ ተከፈተ። በጥቂት በጥቂቱ አስጠጣኋቸው። ግማሹ አንገታቸው ላይ ፈሰሰ። ቆየት ብሎ ዓይናቸው እኔን ፈለገ።

«ሻሼ» አሉ። አስተካከልኩላቸው።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ከጣታቸው ደም ወስደው ስኳሩን ለኩ፤ አሁንም ዝቅተኛ ነው አሉና በክንዳቸው ግሉኮስ ሰቀሉላቸው። ሐኪሙ ራሱ ያ «ልጅ ነው» የሚሉት ነበር። አልተቆጣም። ከስኳሩ ክኒን ሌላ ምን እንደወሰዱ ጠየቃቸው።

«ምንም።»

«ምንም? የሆድ፣ የራስ ምታት፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን?»

እማማ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ከጡታቸው መካከል የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡት። ፈታው። መስኮቴ ላይ የነበረው ባዶ ማሸጊያና፣ ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ አዲስ፣ የተወሰነው የተዋጠ።

«ባዶውን ይዤ ገበያ አጠገብ ያለ ሱቅ ሄድኩ» አሉ። «ይህን የመሰለ ስጡኝ አልኳቸው፤ ሰጡኝ።»

«ምን በሽታ አለብዎ ብለው አልጠየቁዎትም?» አለ ሐኪሙ።

«እኔስ ብጠየቅ እናገራለሁ?»

ሐኪሙ መድኃኒቱ የስኳሩን ክኒን እንዳበረታው፣ ባዶ ሆዳቸውን መዋላቸው ደግሞ እንዳባሰው አስረዳቸው። ሰው ባይደርስላቸው ኖሮ ያን ዕለት ተኝተው አይነሱም ነበር አለ። የሚያስረዳውን ሁሉ አስቀድሜ አውቀው ነበር። ቃል በቃል አውቀው ነበር።

ሐኪሙ ሲወጣ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ክኒኑ አላለቀም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«በማግስቱ መጋረጃሽ ሳይዘጋ ስትውጪ አየሁሽ። ማሸጊያውን ያነሳሁት ያኔ ነው።» የግሉኮሱን ጠብታ እያዩ ነው የሚናገሩት። «ተጸየፍሽኝ መሰለኝ። የታች በሽታ ስላልኩሽ። ከዚያ ወዲህ ሳህን አልላክሁም፤ ከእጄ መብላት ትጠየፋለች አልኩ።»

ይህን አላሰብኩም ነበር። ስንት ነገር ተጠንቅቄ፣ ይህን አላሰብኩም። የአደጋውን ነገር ነግሬያቸው ቢሆን ሐኪም ቤት ድረስ አንመጣም ነበር፤ ግን ከዚያ ይልቅ ይህኛው ቃል ነው የወጋኝ። እሳቸው ለልጃቸው ያልነገሩትን ለእኔ ነግረው፣ እኔ መልሼ የሰጠኋቸው ኀፍረት ነው። ጥንቃቄዬ የጠበቀው እኔን ብቻ ነበር።

አልቅሼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ከስኳሩ ክኒን ጋር እንደማይስማማ ስለማውቅ እንደነበረ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ለምን አላልሽኝም?»

«አፈርኩ።»

«የሚያሳክከው እኔን፣ የምታፍሪው አንቺ» አሉ። ሳቅ ሊሉ ፈልገው ሳል ሆነባቸው።

በማግስቱ ያቺው መድኃኒት ቤት አብረን ሄድን፤ የእሳቸውን ክኒኖች ሁሉ በፌስታል ይዘን። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አየቻቸው። ለእሳቸው የሚዋጠው ሳይሆን ሐኪሙ ያዘዘላቸውን በማህፀን በኩል የሚገባውን ሰጠቻቸው፤ እንዴት እንደሚጠቀሙበትም ወደ ጥግ ወስዳ በጆሯቸው ነገረቻቸው። እኔ ደጅ ቆምኩ። ለነፍስ አባቴ ውሸቱን ተናገርኩ፤ ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ። ስግደቱ አለቀ። ያ «ተጸየፍሽኝ መሰለኝ» ግን አላለቀም።

ሐኪሙ የቀረውን ረመዳን ከልክሏቸው ነበር። በሃይማኖታቸው፣ መጾም የማይችል በሽተኛ ለሚፈታው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ድሀ ያበላል። እማማ በየማታው አንድ ሳህን ማዘጋጀት ጀመሩ። እኔም፣ ቢያንስ የዚያችን ቀን፣ በእጄ ያስፈታኋትን ቀን፣ እኔ ልሥራ ብዬ ለመንኳቸው። ምስሩን፣ ሩዙን፣ ሁሉንም ገዝቼ ይዤ ሄድኩ።

«አይሆንም» አሉኝ።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ጾሙ የእኔ ነው። በእኔ ሳህን የራስሽን ዕዳ ልትከፍዪ?» ያመጣሁትን ፌስታል መልሰው አስያዙኝ። ቀለል አድርገው ነው የተናገሩት፣ ግን አልተደራደሩም። «ከፈለግሽ ማድረስ ትችያለሽ። እግሬ ደክሟል።»

ስለዚህ በየማታው፣ አዛን ሊል ሲል፣ የተሸፈነውን ሳህን ይዤ መስጊዱ በር ወደሚቀመጡት ሽማግሌ እሄዳለሁ። ነጠላ የለበሰች ክርስቲያን ሳህን ይዛ ስትመጣ ሰዉ ዞር ብሎ ያየኛል። የመጀመሪያውን ቀን ሽማግሌው ሳህኑን ተቀብለው በሁለት እጃቸው መረቁኝ፤ ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን ይባርክልሽ፣ ጾምሽን ይቀበልልሽ አሉኝ። ዝም ብዬ አሜን ብል ቀላል ነበር።

«የእኔ አይደለም፣ አባባ» አልኳቸው። «የአከራዬ ነው። ስኳር ስላለባቸው መጾም አይችሉም።»

«እሺ» አሉ፣ አዛን ብሎ ነበርና ከሳህኑ ሳምቡሳ እያነሱ። «ምርቃቱን ለእሷም እናደርሳለን። አንቺ ታዲያ ምኗ ነሽ?»

«ጎረቤት ነኝ» አልኩ። እስኪበሉ ቆሜ ሳህኑን ጠበቅኩ።